በአራት ቤት የተዘመረ አንድ መዝሙር

በአዋሽ አርባ በመምህርነት ባገለገልንበት ዘመን ደጃፉ ከመዝሙር የማይለይ አንድ ቤት እናውቅ ነበር። የቤቱ ጌታ በምድር ባቡር ሥራ ብዙ ዘመን የደከሙ፥ በበዓል ቀን ግን ከሊቃውንቱ ጋር በቅኔ ማኅሌት ቆመው ጸናጽል የሚይዙ ሰው ነበሩ። የቀኑ ሐሩር በረድ ሲል፥ በጂቡቲ መንገድ የሚመላለሱት የጭነት መኪኖችም ጥቂት ፋታ ሲሰጡ፥ አራቱን ልጆቻቸውን በደጃፉ ላይ አስቀምጠው መዝሙር ያስጠኑአቸው ነበር። እኛም ከትምህርት ቤት ስንመለስ ቆም ብለን እናዳምጥ ስለ ነበረ የአራቱን ልጆች ድምፅ አንድ በአንድ ለይተን እናውቀዋለን።

አባትየው ካረፉ በኋላ ያ ደጃፍ ጸጥ አለ። ጸናጽላቸውም በግድግዳው ላይ እንደ ተሰቀለ ቀረ፤ ማንም አልነካውም። ታላቁ ልጅ በጂቡቲ መንገድ የጭነት መኪና ሹፌር ሆነ፤ ሁለተኛዪቱ በሰመራ በነርስነት ተቀጠረች፤ ሦስተኛው ባሕር ተሻግሮ በዋሽንግተን አጠገብ ተቀመጠ፤ ከእናትየው ጋር በአዋሽ አርባ የቀረችው የመጨረሻዪቱ ልጅ ብቻ ነበረች።

በ2017 ዓ.ም. የጌታችን የልደት በዓል ሲቃረብ እናትየው ልጆቻቸውን በስልክ አንድ ነገር ለመኑ። የለመኑት ልብስ ወይም ገንዘብ አልነበረም። «አባታችሁ ያስጠኑአችሁን የልደት መዝሙር አራታችሁም በአንድነት ስትዘምሩት መስማት እወዳለሁ» አሉ። ልጆቹ ይህን እንዴት እንደ ፈጸሙት፥ በመካከሉም ምን እንደ ደረሰባቸው፥ ለአንባብያን ቤተ ሰቦች ይጠቅማል ብለን ስላሰብን እነሆ ጽፈነዋል። ልጁን ወደ ሩቅ አገር ያልሸኘ ቤት ዛሬ ጥቂት ነውና።

በአንድ ጊዜ መዘመር ስለ ምን አልተቻለም

ልጆቹ በመጀመሪያ የሞከሩት ቀላል የመሰላቸውን መንገድ ነው። በቀጠሮ ሰዓት አራቱም በስልካቸው በቪዲዮ ተገናኙ፤ ታላቁ «አንድ፥ ሁለት፥ ሦስት» ብሎ ቈጠረና ሁሉም ጀመሩ። ነገር ግን የመጀመሪያውን ስንኝ ሳይጨርሱ ድምፃቸው ተበታተነ። የዋሽንግተኑ ሌሎቹ ቃሉን ከጨረሱ በኋላ ይደርሳል፤ የሰመራዪቱ እርሱን ልትጠብቅ ታዘግማለች፤ ትንሺቱ ደግሞ እኅቷን ልትጠብቅ ትቆማለች። እናትየው ጥቂት ታግሠው ካዳመጡ በኋላ «ተዉት ልጆቼ፥ የቅዳሜ ገበያ መሰላችሁብኝ» ብለው ሳቁ። ልጆቹም አብረው ሳቁ፤ ትንሺቱ ግን ስልኩ ከተዘጋ በኋላ እንዳለቀሰች ነግራናለች።

ይህ የደረሰባቸው ከችሎታ ማነስ አይደለም። ድምፅ በአየር ውስጥ በአንድ ሴኮንድ 340 ሜትር ያህል ይጓዛል። ስለዚህ በአንድ አዳራሽ 10 ሜትር ተራርቀው የቆሙ ሁለት መዘምራን አንዱ የሌላውን ድምፅ የሚሰማው ወደ 3 መቶኛ ሴኮንድ ዘግይቶ ነው። ይህን ያህሉን መዘግየት ጆሮ ይታገሠዋል። መዘግየቱ 5 መቶኛ ሴኮንድ ሲያልፍ ግን አንዱ ሌላውን ሲጠብቅ፥ ሌላውም መልሶ እርሱን ሲጠብቅ፥ ዜማው እየተጐተተ ሄዶ በመጨረሻ ይፈርሳል።

አሁን ደግሞ ርቀቱን እንመልከት። መልእክታችንን ባሕር የሚያሻግረው ብርሃን ነው፤ እርሱም እንደ ጠጕር በቀጠነ የመስተዋት ክር ውስጥ በአንድ ሴኮንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይሮጣል። ከአዲስ አበባ እስከ ዋሽንግተን በቀጥታ ቢለካ 11,500 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። እንግዲህ ክሩ ምንም ሳይጠማዘዝ ቢዘረጋ እንኳ ድምፁ ለመሄድ ብቻ ወደ 6 መቶኛ ሴኮንድ ይፈጅበታል፤ ለመመለስም ያንኑ ያህል። በዚህ ላይ ስልኩ ድምፁን ቈራርጦ ለመጠቅለል፥ በማዶ ያለውም ስልክ የተጠቀለለውን ለመፍታት ጊዜ ይወስዳሉ። ሰመራና አዋሽ አርባ በአንድ ክልል ውስጥ ቢሆኑም ይህ የመጠቅለሉና የመፍታቱ ጊዜ አይቀርላቸውም። ለወሬ ይህ ሁሉ አያስቸግርም፤ የእናትና የልጅ ጨዋታ ጥቂት ቢዘገይ ምንም አይጐድልበትም። ዜማ ግን በጊዜ ላይ የተሠራ ነውና አይታገሠውም።

ሌሎች የሄዱበት መንገድ

ተራርቀው የሚዘምሩ ሰዎች ያገኙት ብልሃት በአንድ ጊዜ መዘመሩን ትቶ፥ እያንዳንዱ በሚመቸው ሰዓት የቀዳውን በኋላ ማጋጠም ነው። የዚህ ብልሃት ሥሩ ቈየት ያለ ነው። ሌስ ፖል የተባለው አሜሪካዊ የጊታር ተጫዋች ከባለቤቱ ከሜሪ ፎርድ ጋር እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር በ1951 ዓ.ም. ያወጣው ዝነኛ ዘፈን በቤቱ ውስጥ የተቀዳ ነበር። አንዱን ድምፅ አስቀድሞ ቀድቶ፥ እርሱን እየሰማ ሌላውን በላዩ እየደረበ፥ ሁለቱ ሰዎች እንደ ብዙ ሆነው እንዲሰሙ አደረገ።

ከእኛም ወገን የዋልያስ ባንድ ባልደረባ የነበሩት ኃይሉ መርጊያ አሜሪካ አገር ከቀሩ በኋላ፥ በዚያው አቈጣጠር በ1985 ዓ.ም.፥ አኮርዲዮኑንና ልዩ ልዩ የኤሌክትሪክ መሣሪያዎችን ራሳቸው በየተራ ተጫውተው፥ ድምፁን ደራርበው አንድ ካሴት ሠሩ። ከዚያ በኋላ ብዙ ዘመን በዋሽንግተን ታክሲ ሲነዱ ኖሩ፤ ደንበኛ በሚጠብቁበት ሰዓት ኪቦርዳቸውን እያወጡ በመኪናቸው ውስጥ ይለማመዱ ነበር። ያ ካሴት በ2013 ዓ.ም. እንደ ገና ታትሞ በብዙ አገር ተደማጭነት አገኘ። ከሰዎች መካከል ርቆ ብቻውን የሚሠራ ሙዚቀኛ የባልንጀሮቹን ቦታ ሁሉ ራሱ እየሸፈነ ሊጫወት እንደሚችል ይህ ምስክር ነው።

ብዙ ሰዎችን ማጋጠም ግን በዚያን ጊዜ እንዲህ ቀላል አልነበረም። በዚያው በ1985 ዓ.ም. በጥር ወር፥ በአገራችን ለደረሰው ረኃብ ርዳታ ለማሰባሰብ ከ40 የሚበልጡ የአሜሪካ ዘፋኞች «ዊ አር ዘ ዎርልድ» የተባለውን ዘፈን ሲያወጡ፥ ኅብረቱን ለመቅዳት በአንድ ሌሊት በሎስ አንጀለስ በአንድ ስቱዲዮ መሰብሰብ አስፈልጓቸው ነበር። ከ25 ዓመት በኋላ፥ በ2010 ዓ.ም.፥ ኤሪክ ዊታከር የተባለ አሜሪካዊ የዜማ ደራሲ በ12 አገሮች የሚኖሩ 185 ሰዎች በየቤታቸው ራሳቸውን በቪዲዮ እየቀዱ እንዲልኩለት አድርጎ ከእነርሱ አንድ የመዘምራን ጓድ ሠራ። ይኸው ሥራ እያደገ ሄዶ በ2020 ዓ.ም. ከ129 አገሮች 17,572 ሰዎች ተካፈሉበት።

ያ ዓመት የኮሮና ወረርሽኝ ዓመት መሆኑን አንባቢ አይዘነጋውም። በአገራችን የመጀመሪያው ሕመምተኛ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ተገለጠ፤ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ መጋቢት 30 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ተነገረ፤ ሚያዝያ 11 ቀን የዋለውን የትንሣኤ በዓልም ብዙ ምእመናን በቤታቸው ሆነው በቴሌቪዥን እየተመለከቱ አከበሩት። በእነዚያ ወራት የኔዘርላንድስ የሮተርዳም የሙዚቃ ጓድ አባሎች እያንዳንዳቸው በቤታቸው የቀዱትን የቤትሆቨን ዘጠነኛ ሲምፎኒ ክፍል አጋጥመው ለሕዝብ አቀረቡ። በዓለም ሁሉ ያሉ ሙዚቀኞችም ተከተሉአቸው፤ የብዙ ሰዎች ፊት እንደ ቤት መስኮት ተደርድሮ የሚታይበት ቪዲዮ በየቤቱ የታወቀ ነገር ሆነ። ወረርሽኙ ካለፈ በኋላም ልማዱ አልቀረም፤ ሰዎችን የሚለያየው ወረርሽኝ ብቻ አይደለምና።

መሪና ተመሪ

ልጆቹ የመጀመሪያው ሙከራ ከፈረሰባቸው በኋላ ወደ እኛ ደወሉ። እኛም በዘመናዊው መሣሪያ የረቀቀ ዕውቀት የለንም፤ ነገር ግን በልጅነታችን በቅኔ ማኅሌት ቆመን ያየነውን አስታወስናቸው። በቅዱስ ያሬድ ዜማ ሥርዓት ሁሉም በአንድነት ዘሎ አይነሣም። መሪ አለ፥ ተመሪ አለ። መሪው ቃሉን ይሰጣል፤ ተመሪው በጆሮው ይቀበላል፤ ቀኝ ሲያነሣ ግራ ያዳምጣል፤ ግራም በተራው ይቀበላል። ተመሪ ከመሪው ቃል አይጨምርም፥ አይቀንስም፤ ሊቀድመውም አይሞክርም። «እናንተም መጀመሪያ አንድ መሪ ድምፅ ቅዱ፤ የቀራችሁት እርሱን በጆሮአችሁ እየሰማችሁ ተከተሉት» አልናቸው።

መሪው ማን ይሁን በሚለው ላይ ጥቂት ክርክር ሆነ። ታላቁ ታላቅነቱን አሰበ፤ ግን ሲዘምር ቍልቍለት እንዳገኘ መኪና እየፈጠነ እንደሚሄድ እኅቶቹ ያውቃሉ። የዋሽንግተኑ በገና ይደረድራል፤ በገና ደግሞ የድምፁን ከፍታና የዜማውን እርምጃ አጽንቶ ይይዛል። ታላቁ አንድ ቀን ዝም ብሎ ከዋለ በኋላ ማታ ደውሎ «እሺ፥ ምራን» አለው። ታናሽን መከተል ለታላቅ ወንድም ቀላል ነገር አይደለምና፥ የሥራው ግማሽ በዚያች ማታ እንደ ተፈጸመ እንቈጥረዋለን።

ከዚህ በኋላ የሚከተለውን ሥርዓት አደረጉ፤ ሌላም ቤተ ሰብ ቢሞክረው ስለሚጠቅመው እንዘረዝረዋለን።

አንደኛ፥ መሪው በበገናው እየዘመረ ቀዳ፤ ከመጀመሩም በፊት አራት ጊዜ በእኩል ልክ አጨበጨበ፤ ይህም ተመሪዎቹ ሁሉ በአንድ ቦታ እንዲነሡ ነው።

ሁለተኛ፥ እያንዳንዱ መሪውን የሚሰማው በጆሮ ማዳመጫ ሆነ፤ አለዚያ የመሪው ድምፅ ተመልሶ በአዲሱ ቅጂ ውስጥ ይገባል። ማዳመጫውም ገመድ ያለው ይሁን ተባለ፤ ገመድ የሌለው ድምፁን አዘግይቶ ስለሚያደርስ ነው።

ሦስተኛ፥ እያንዳንዱ የራሱ ቅጂ ሲጀምር ከስልኩ ፊት አንድ ጊዜ አጨበጨበ። የእጁ መጋጨትና የጭብጨባው ድምፅ በአንድ ላይ ሲውሉ ሥዕሉና ድምፁ ይገጥማሉ። በሲኒማ ሥራ ሁለት እንጨት የሚያጋጩት ለዚሁ ነው።

አራተኛ፥ የሚቀዱበት ክፍል ድምፅ እንዳያስተጋባ በግድግዳው ላይ ጋቢና ብርድ ልብስ ሰቀሉ፤ ስልኩን በዓይናቸው ልክ አግድም አቆሙት፤ ብርሃኑንም ከኋላቸው ሳይሆን ከፊታቸው አደረጉ።

አምስተኛ፥ ቅጂውን በቴሌግራም ሲልኩ እንደ ተራ ቪዲዮ ሳይሆን «ፋይል» ብለው ላኩት። አለዚያ መጠኑ እንዲያንስ ሲጨመቅ ጥራቱ ይጠፋል።

ስድስተኛ፥ ከሁሉም የሚከብደው፥ ሌሎቹ የሚዘምሩበትን ቦታ ባዶ መተው ነው። ብቻውን በክፍል ውስጥ የሚዘምር ሰው ዝምታው ስለሚያስፈራው ሁሉንም በራሱ ድምፅ ሊሞላው ይወዳል። እዚህ ላይ ግን ገና ያልሰማውን የወንድሙን ድምፅ እንደሚመጣ አምኖ ዝም ማለት አለበት።

የቦታውም ነገር ራሱን የቻለ ትግል ነበር። ሹፌሩ በሎግያ መኪናውን አቁሞ፥ ሞተሩን አጥፍቶ፥ መስኮቱን ዘግቶ በጋቢናው ውስጥ ቀዳ። የመቀመጫው ጨርቅና የመኝታው ፍራሽ ድምፅን ስለሚውጡ ጋቢናው ከሁሉም የተሻለ የመቅጃ ክፍል ሆኖ ተገኘ፤ ነገር ግን አንዱን መዝሙር እስኪጨርስ ላቡ በአገጩ ይንጠባጠብ ነበር። የሰመራዪቱ ከበሮውን በመኖሪያዋ መታች፤ የከበሮ ድምፅ በቅርብ ሲሆን ስልኩ ስለማይችለው ሁለት እርምጃ ርቃ ተቀመጠች። ትንሺቱ ደግሞ በአዋሽ አርባ ቀን የጭነት መኪናው ጩኸት፥ ማታ የአየር ማራገቢያው ድምፅ አላስቀዳ አላት። ማራገቢያው ሲጠፋ ሙቀቱ፥ ሲበራ ጩኸቱ ያሸንፋታል። በመጨረሻ ከሌሊቱ 10 ሰዓት እየተነሣች፥ ንጋት ሳይቀርብ፥ ምድር ጸጥ ባለች ጊዜ መቅዳትን ልማድ አደረገች።

የሌሊቱ ድምፅ

አዋሽ አርባ ያለችበት ምድር የስምጥ ሸለቆ ምድር ነው፤ በዚያ አካባቢ የፈንታሌና የዶፈን እሳተ ገሞራ ተራሮች ይገኛሉ። ከመስከረም ወር 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ከምድር በታች የቀለጠው ዐለት ስንጥቁን እየገፋ ሲገባ አገሩ ደጋግሞ ይናወጥ ጀመር። በታኅሣሥ ወር መናወጡ በረታ፤ በአሥር ሺህ የሚቈጠሩ ሰዎችም ከአዋሽ ፈንታሌና ከዱለቻ ወረዳዎች እየተነሡ ወደ ሌላ ስፍራ ተወሰዱ።

ትንሺቱ የድርሻዋን የቀዳችው ታኅሣሥ 20 ቀን ገደማ በአንድ ሌሊት ነው። ቅጂው በእጃችን ስለሚገኝ ደጋግመን ሰምተነዋል። ሁለት አንቀጽ ያህል በጥሩ ድምፅ ትዘምራለች። ሦስተኛውን እንደ ጀመረች የጣራው ቆርቆሮ ይንኰሻኰሻል፤ በመደርደሪያው ላይ ያሉት ስኒዎች ይጋጫሉ። ወዲያውም ከግድግዳው በኩል ሌላ ድምፅ ይሰማል፤ ቀጭን፥ የናስ ድምፅ። የተሰቀለው የአባቷ ጸናጽል ነው። ልጅቱ ድምፅዋ ይርገበገባል፥ ነገር ግን አላቋረጠችም። በኋላ ስንጠይቃት «ወንድሜ በጆሮዬ እየመራኝ ስለ ነበረ መቆም አልቻልሁም፤ እርሱ አላቆመምና» አለችን።

ጸናጽሉ መንቀሳቀሱን ተአምር ነው አንልም። ምድር ሲናወጥ የተሰቀለ ናስ መጮሁ የታወቀ ነው። ሆኖም የሆነውን እንደ ሆነ መጻፍ ይገባናል።

አራቱን ቅጂ የሚያጋጥመው በሰመራ የሚኖር አንድ የአፋር ወጣት ነበር። እርሱም በአዋሽ አርባ ተማሪያችን የነበረ፥ ከዚያ ቤት ልጆች ጋር አብሮ ያደገ፥ የእስልምና ሃይማኖት ተከታይ የሆነ፥ የሠርግ ቪዲዮ እያቀናበረ የሚተዳደር ጨዋ ልጅ ነው። የገዛ ዘመዶቹ ከብቶቻቸውን ይዘው ከዶፈን አጠገብ ሲሰደዱ እርሱ ሌሊት ሌሊት ኮምፒዩተሩ ፊት ተቀምጦ የጓደኞቹን ድምፅ ያጋጥም ነበር። ወደ ሦስተኛው አንቀጽ ሲደርስ ደወለልን። «መምህር፥ ይህን ድምፅ ላውጣው ወይስ ልተወው? ማውጣት ይቻለኛል» ብሎ ጠየቀን።

እኛም ብዙ ሳናስብ «አውጣው» አልነው። የመዝሙሩ ውበት እንዳይበላሽ፥ እናትየውም በበዓል ቀን እንዳይደነግጡ አስበን ነበር። ወጣቱ ጥቂት ዝም ካለ በኋላ «በእኛ ዘንድ ዳጉ አለ» አለን።

ዳጉ አፋሮች ከጥንት የያዙት የወሬ ሥርዓት ነው። ሁለት መንገደኞች በበረሃ ሲገናኙ ሳይነጋገሩ አይተላለፉም። ተቀምጠው አንዱ ያየውንና የሰማውን ሁሉ ይናገራል፤ ሌላው ያዳምጣል፤ ከዚያም በተራው ይናገራል። ያየውን ካየው፥ የሰማውን ከሰማው ለይቶ መናገር ግዴታው ነው፤ የጨመረ ወይም የደበቀ ሰው በወገኑ ፊት ያፍራል። በዚህ ምክንያት በዚያ ሰፊ በረሃ ወሬ ከአፍ ወደ አፍ እየተላለፈ ሳይጣመም ሩቅ አገር ይደርሳል። ወጣቱም ነገሩን እንዲህ ሲል ፈጸመው። «ልጅቱ በዚያ ሌሊት የዘመረችው በሚናወጥ ቤት ውስጥ ነው። ድምፁን ካወጣሁት ለእማማ ያልሆነውን እነግራቸዋለሁ።»

መምህር የተማሪውን ቃል ሰምቶ የሚመለስበት ጊዜ አለ። «እንግዲያው ልጅቱን ጠይቃት፤ እርስዋ የወደደችው ይሁን» አልነው። ልጅቱም «ይቆይ» አለች። ደግማ ልትቀዳው ብትፈልግም ጊዜ አልነበራትም፤ በማግሥቱ እናቷን ይዛ ዘመዶቻቸው ወደሚገኙበት ወደ አዳማ ጕዞ ጀምራ ነበር።

በበዓሉ ዋዜማ

ታኅሣሥ 26 ቀን ሌሊት መጠኑ 5.7 ያህል የሆነ መናወጥ ደረሰ። እናትየውና ልጅቱ በዚያን ጊዜ አዳማ ነበሩ፤ ቤታቸው ግን ይቁም ይውደቅ አያውቁም። እኛም በአዳማ ስለምንኖር በልደት ዋዜማ ሄደን ጐበኘናቸው። የዘመድ ቤት ነው፤ ሰው ሞልቶበታል፤ እናትየው እንደ እንግዳ በአንድ ጥግ ተቀምጠዋል። ስልኩን በትራስ ላይ አቁመን ከፈትነው።

በስልኩ መስተዋት ላይ አራት ትናንሽ መስኮቶች ታዩ። በአንዱ በገናውን የያዘው ልጅ ወፍራም ሹራብ ለብሷል፤ በሌላው ሹፌሩ በካናቴራ ብቻ ሆኖ ላቡን ይጠርጋል፤ በሦስተኛው የሰመራዪቱ ከከበሮዋ ጋር፥ በአራተኛው ትንሺቱ ነጠላዋን ተከናንባ ትታያለች። እናትየው መጀመሪያ ያዩት ልብሳቸውን ነው፤ «ያ ልጅ በርዶታል፤ ይህኛው ቀጥኗል» አሉ። ከዚያም ዝም ብለው አዳመጡ።

ሦስተኛው አንቀጽ ሲደርስ ቆርቆሮው ተንኰሻኰሸ። በክፍሉ ያሉት ዘመዶች የአዳማው ቤት የተናወጠ መስሏቸው ወደ ጣራው አንጋጠጡ። እናትየው ግን እጃቸውን አንሥተው ሁሉንም ዝም አሰኙ። «ያ የእኔ ቤት ነው» አሉ። የናሱ ድምፅ ሲመጣ ደግሞ በጣም ቀስ ብለው «የእርሳቸው ጸናጽል» አሉና ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ወሰዱ። መዝሙሩ ሲያልቅ እንደ ገና ክፈቱልኝ አላሉም። ያሉት «መቼ ትመጣላችሁ?» ነው፤ በስልኩ ውስጥ ያሉት ልጆች የሚሰሙአቸው መስሎአቸው።

ይህ ጥያቄ የዚህን ብልሃት ልክ ያሳየናል። በየቤቱ ተቀድቶ የተጋጠመ መዝሙር መልካም ደብዳቤ ነው፤ የማዕድ ቦታ ግን አይሆንም። ቤተ ክርስቲያናችን ቅዳሴ ለመቀደስ ከሁለት ካህናትና ከሦስት ዲያቆናት ያላነሱ አምስት ልዑካን በአካል እንዲቆሙ ታዝዛለች፤ ከአምስቱ የጐደለውን በቅጂ መሙላት አይቻልም። ቤተ ሰብም እንዲሁ ነው። በሌላ በኩል ደግሞ ደብዳቤን መናቅ አይገባም። በካሴት የድምፅ ደብዳቤ እየቀዱ በመንገደኛ እጅ ይላላኩ የነበሩ ሰዎች ያችን ካሴት ክሯ እስኪበጠስ ድረስ ያዳምጧት እንደ ነበረ እናስታውሳለን።

የአዋሽ አርባው ቤት አልወደቀም። እናትና ልጅ ሲመለሱ ግድግዳው ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቆ አገኙት፤ ጸናጽሉም ከሚስማሩ ወድቆ በወለሉ ላይ ነበረ፤ ሆኖም አልተሰበረም። ለትንሣኤ በዓል ሹፌሩና የሰመራዪቱ መጡ። የዋሽንግተኑ መምጣት አልሆነለትም፤ በበገናው መሪ ድምፅ ቀድቶ ላከ። ማታ በተሰነጠቀው ግድግዳ አጠገብ፥ በዚያው በቀድሞው ደጃፍ ሦስቱ ቆመው ከስልኩ የሚወጣውን በገና ተከትለው ዘመሩ። ጸናጽሉን ከእናቷ እጅ ተቀብላ የያዘችው ትንሺቱ ነበረች።

አንድ ነገር ግን እስከ ዛሬ ያሳዝነናል፤ ጽሑፋችንንም በእርሱ እንፈጽማለን። የአባትየው የራሳቸው ድምፅ በማንም ዘንድ አልተቀዳም። ያን ሁሉ ዓመት በዚያ ደጃፍ ሲያስጠኑ፥ እኛም ቆመን ስናዳምጥ፥ በኪሳችን ስልክ እያለ አንድ ቀን እንኳ አልቀዳናቸውም። ከእርሳቸው የቀረው ድምፅ ያ በሌሊት የተሰማው የናስ ድምፅ ብቻ ነው። እናንተ አባትና እናት በቤታችሁ ያሉአችሁ፥ አያታችሁ ገና በደጃፍ ተቀምጠው የሚያስጠኑአችሁ፥ ዛሬ ማታ ማራገቢያውን አጥፉና፥ ስልኩን በዓይናቸው ልክ አቁሙና፥ «አባባ፥ ምሩን» በሉአቸው።